ሳይቃጠል በቅጠል

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው የተረቱት ተረት በልጅነቴ የሣር ቤት ቃጠሎን ብቻ የሚመለከት ይመስለኝ ነበር። በክዳኑ ጫፍ ላይ ጭስ ሲታይ ጎረቤት ሁሉ እርጥብ ቅጠል እየዘነጠፈ ሲሮጥ በዓይነ ኅሊናዬ እመለከት ነበር። የቃሉ ሙሉ ትርጉም የገባኝ ግን ጐልምሼ ነው፤ ይኸውም በቤት ላይ በተነሣ እሳት ሳይሆን፥ በአንድ አሮጌ መኪና ሞተር ላይ የገዛ እግሬ ባደረሰው ጥፋት ነው። ነገሩ ከተፈጸመ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ የማወጋው አሮጌ መኪና ያለው ሰው ከእኔ ጥፋት ትምህርት እንዲያገኝ፥ መኪና የሌለውም አንባቢ ነገሩን ወደ ራሱ ሥራ መልሶ እንዲመለከተው በማሰብ ነው።

ትውልድ አገሬ ወረኢሉ ነው። ወረኢሉ በታሪክ ስሙ የሚነሣው ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ በዚያ ከትቶ እንዲጠብቃቸው ስላዘዙ ነው። በልጅነታችን ይህን ታሪክ የሚያወጉን አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። «ጦር በአንድ ቦታ የሚከትተው ብዛቱን ለማሳየት ብቻ አይደለም፤ የማን በቅሎ እንደ ተገጠበ፥ የማን ኮርቻ እንደ ላላ ሳይርቁ እንዲታወቅ ጭምር ነው» ይሉን ነበር። እኔም እንደ ማንኛውም ልጅ የጦሩን ግርማ እንጂ የኮርቻውን ነገር ልብ አላልሁትም።

አጎቴ በዚህች ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ነበራቸው። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም በተደረገ የመኪና ትርኢት ሲሆን፥ በአጎቴ መኪና ውስጥ የነበረው ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ዓይነት ነው። ይህ ሞተር በጉልበቱ ሳይሆን በትዕግሥቱ የተመሰገነ ነበር። አጎቴ በእርሱ ሰውና እህል እየጫኑ ከወረኢሉ በካቤና በጉጉፍቱ በኩል ወደ ደሴ ይመላለሳሉ። ከዚህ በሚገኘው ገንዘብ ቤት ይተዳደራል፤ ደሴ ቤት ተከራይታ የምትማረው ልጃቸውም የምትረዳው በዚሁ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፥ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ውጤት የምጠባበቅ ጐረምሳ ነበርሁና በ1986 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አጎቴ ወገባቸውን ሲያማቸው መሪውን ለእኔ ሰጡኝ።

ወደ ጥፋቱ ከመግባቴ በፊት የነገሩን ምንጭ ማስረዳት ይገባኛል። በጋራዥ የምንናገራቸው ቃላት እንደሚታወቀው አብዛኞቹ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ሞተሪኖ፥ ካንዴላ እንላለን። ሮንዴላም ከእነርሱ አንዷ ናት። ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሮንዴላ በቡሎን ሥር የምትገባውን ክብ ብረት ነው። እኔ የማወራላችሁ ሮንዴላ ግን በሞተሩ ሆድ ውስጥ ተደብቃ የምትኖር፥ ቅርጿ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል፥ ውፍረቷ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች ስስ ቁራጭ ናት። ጀርባዋ ብረት ነው፤ ፊቷ ደግሞ ለስላሳ ቅይጥ የተቀባና ዘይት የሚያልፍበት ቦይ የተቀረጸበት ነው።

ሥራዋን ለመረዳት እናቶቻችን የሚያሾሩትን እንዝርት ማሰብ ይበቃል። በሞተር ውስጥ ክራንክ ሻፍት የሚባለው ትልቅ ዘንግ እንደ እንዝርት ይሾራል። ፒስቶኖቹ ከላይ እየገፉ ያዞሩታል፤ እርሱም መዞሩን በካምቢዮ በኩል ለጎማ ያስተላልፋል። ዘንጉን ከላይና ከታች አቅፈው የሚይዙት ኩሽኔቶች ናቸው። ነገር ግን ዘንጉ እየዞረ ሳለ በቁመቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚከለክለው ማን ነው? ይህን ከባድ አደራ የተሸከሙት እነዚያ ስስ ሮንዴላዎች ናቸው። በላንድሮቨሩ ሞተር ውስጥ በመካከለኛው ኩሽኔት ፊትና ኋላ ተሰክተው ዘንጉን ከሁለት ወገን ያግዱታል። የሚፈቀድለት መንቀሳቀሻ ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይኸውም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፥ የመጽሔትህን አንድ ቅጠል በሁለት ጣትህ መካከል ይዘህ ብትዳስስ የዚያን ግዙፍ ሞተር ዕድሜ የሚወስነውን ክፍተት ዳሰስህ ማለት ነው።

ዘንጉን በቁመቱ የሚገፋው ኀይል ከየት ይመጣል ቢባል፥ በዋነኛነት ከሾፌሩ ግራ እግር ነው። ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር የእግራችን ግፊት በማንሻዎች ተባዝቶ ከመቶ ኪሎ የሚበልጥ ኀይል ይሆንና የሞተሩን ዘንግ ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህን ሁሉ የምትቀበለው የኋለኛዋ ሮንዴላ ናት። ለኩሽኔቶቹ ፓምፑ ዘይት በግፊት ይልክላቸዋል፤ ለእርሷ ግን የሚደርሳት ከኩሽኔቱ ጠርዝ የሚፈሰው ትራፊ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍሪሲዮን ለአጭር ጊዜ ተረግጦ ሲለቀቅ ትችለዋለች፤ እግር ሲሰነብትባት ግን ዘይቱ ተጨምቆ ያልቅና ብረት ከብረት ይፋጫል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፍሪሲዮን ረግጦ ሞተር ማስነሣት ነው። በዚያች ቅጽበት ዘይቱ ከታች ገንዳው ውስጥ ተኝቷል፤ ሮንዴላዋም ደረቅ ናት። ሙሉው ሸክም በደረቅ ፊቷ ላይ ያርፍባታል።

አገራችን ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ናት። በጥቅምትና በኅዳር ጧት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ የሞተር ዘይትም እንደ ማር ወፍሮ ቶሎ አይንቀሳቀስም። በዚህ ላይ በከፍታው ምክንያት አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተር ቆላ ከሚያወጣው ጉልበት ከአራት አንድ እጅ ያህሉን ያጣል። ጉልበት ያነሰው መኪና ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሾፌሩ በግማሽ ፍሪሲዮን ሊረዳው ይሞክራል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ጧት ጧት ፍሪሲዮን ረግጬ አስነሣለሁ፤ በመንገድ ላይ ግራ እግሬን ከፔዳሉ አላነሣም፤ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር ማርሽ እንዳስገባሁ ረግጬ እጠብቃለሁ። እንዲያውም ይህን የጥሩ ሾፌር ቅልጥፍና አድርጌ እቈጥረው ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ሽማግሌ መካኒክ የወፍጮ ሞተር ለመጠገን ከደሴ ወደ ወረኢሉ መጡ። አጎቴን ያውቋቸው ነበርና ለሰላምታ ወደ ግቢያችን ጎራ አሉ። እኔ መኪናውን አስነሥቼ አገኙኝ። ፍሪሲዮን ስረግጥ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ እንደሚል፥ ስለቅም ከፍ እንደሚል ሰምተው ቆሙ። ሞተሩን እንዳጠፋ ነገሩኝና ኮፈኑን ከፍተው ከፊት ያለውን ፑሊ ትኵር ብለው እያዩ፥

«እስቲ ርገጥ» አሉኝ። ረገጥሁ።

«ልቀቅ» አሉኝ። ለቀቅሁ።

ደጋግመው ካስረገጡኝ በኋላ እኔን ከፊት አቁመው እርሳቸው ገብተው ረገጡ። ፑሊው ወደ እኔ ብቅ ሲል፥ መልሶም ሲገባ በዓይኔ አየሁት። በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ ከወረቀት ውፍረት እጅግ የራቀ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

«አየህ ልጄ፥ ዘንግ ይዞራል እንጂ አይሄድም። ይህ መሄድ ጀምሯል» አሉኝ። ከሣጥናቸውም ውስጥ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ስስ የመለኪያ ቅጠሎች አውጥተው አሳዩኝ። «የዘይቱን ገንዳ አውርደን በዚህ እንለካዋለን። ሮንዴላዋን ሞተሩ ሳይወርድ መቀየር ይቻላል፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው። ለአጎትህ ንገራቸውና በዚህ ሳምንት ደሴ አምጣት፤ እስከዚያው ግን እህል አትጫንባት» ብለው ወደ ወፍጮአቸው ሄዱ።

እኔ ለአጎቴ አልነገርሁም። ምክንያቱን ዛሬ ስመረምረው ሦስት ነገር አገኝበታለሁ። የመጀመሪያው፥ የአዝመራና የገበያ ወቅት ስለ ነበረ መኪናው አንድ ቀን ቢቆም ገቢው ይቀርብናል ብዬ ነው። ሁለተኛው፥ ጥፋቱ የእግሬ መሆኑ ከታወቀ መሪውን እቀማለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ሦስተኛውና እውነተኛው ግን መኪናው መሄዱን አላቋረጠም ነበርና ነው። ሰው የሚሄድ ነገር የታመመ አይመስለውም። «የሚቀጥለው ሳምንት» እያልሁ ሦስት ሳምንት አሳለፍሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ገብስና ባቄላ ጭኜ የጉጉፍቱን ዳገት ስወጣ፥ ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ረገጥሁ። በዚያች ቅጽበት ከሥሬ ቢላዋ በሞረድ ላይ እንደሚሳል ያለ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ከባድ ማንኳኳት ሆነ፤ ሞተሩም ተንገጫግጮ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው በእግራቸው ሄዱ። እኔ እህሉን እየጠበቅሁ በዚያ ብርድ አደርሁና በማግሥቱ አንድ የጭነት መኪና ጎትቶ ደሴ አደረሰኝ።

ሽማግሌው መካኒክ የዘይቱን ገንዳ ሲያወርዱ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የኋለኛዋ ሮንዴላ ከቦታዋ ወድቃ በዘይቱ ውስጥ ተጣምማ ተገኘች። ለስላሳው ፊቷ ፈጽሞ ጠፍቶ፥ ብረቱም ራሱ እንደ ምላጭ ሳስቶ ነበር። እርሷ ከወደቀች በኋላ የዘንጉ ጉንጭ በቀጥታ ከብሎኩ ጋር ተፋጭቶ ሮንዴላዋ የምትቀመጥበትን ግድግዳ በልቶታል፤ ዘንጉም ራሱ ተቧጭሯል። መካኒኩ ጣታቸውን በቍስሉ ላይ አሳለፉና ቀና ብለው አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። አጎቴ አጠገባችን ነበሩ፤ እርሳቸው ግን ምንም አልተናገሩም። «አብሽሩ፤ ብረት ነው፥ ያልቃል» ብለው አጎቴን አጽናኗቸው።

የሮንዴላ ዋጋ የነበረው ጥፋት የብሎክና የክራንክ ሻፍት ዋጋ ሆነ። ቶርኖ ቤት ቢጠየቅ የተበላው ግድግዳ አያዋጣም ተባለ፤ ሌላ አሮጌ ሞተር ከአዲስ አበባ ለማምጣት ደግሞ የአጎቴ አቅም አልቻለም። ላንድሮቨሯ በግቢያችን ጥግ ቆመች፤ ዶሮዎችም በወንበሯ ላይ ዕንቍላል ይጥሉባት ጀመር። የአጎቴ ልጅ የደሴ የቤት ኪራይ የሚከፈልላት ስላጣች በዚያው ዓመት ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ወረኢሉ ተመለሰች። በትምህርቷ ከእኔ የምትሻል ልጅ ነበረች። እኔ ግን ውጤቴ መጣልኝና ወደ ከፍተኛ ትምህርት ሄድሁ፤ ከጊዜም በኋላ የፊዚክስ መምህር ሆንሁ። ስለ ሰበቃ ሕግ በጥቍር ሰሌዳ ላይ በጻፍሁ ቁጥር ያች የተጣመመች ግማሽ ጨረቃ ትታየኝ ነበር።

ለአጎቴ የነገርኋቸው ከብዙ ዓመት በኋላ፥ አርጅተው አልጋ ላይ ሳሉ ነው። መካኒኩ እንዳስጠነቀቁኝ፥ እኔም እንደ ደበቅሁ አንድ በአንድ ተናገርሁ። ጥቂት ዝም ብለው፥ «አብሽር። አንተም ሮንዴላዋም ድምፃችሁ የተሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው» አሉኝና ፈገግ አሉ። ልጃቸው ግን ከእርሳቸው ይልቅ ቀልድ ታውቃለች። ዛሬ በወረኢሉ ገበያ የታወቀች ነጋዴ ናት፤ ከእንግዳ ጋር ስታስተዋውቀኝ፥ «የእኔን ትምህርት በአንድ ሮንዴላ የለወጠው ወንድሜ ይህ ነው» ትላለች። ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። የልጇን የትምህርት ወጪ እስከ መጨረሻው እኔ ችያለሁ፤ ነገር ግን የልጅ ትምህርት የእናትን ትምህርት እንደማይተካ ሁለታችንም እናውቃለን።

አጎቴ ካረፉ በኋላ ያንኑ ዓይነት አሮጌ ሞተር ፈልጌ ላንድሮቨሯን አስነሣኋት። ከዚያ ወዲህ የተማርሁትንና በየቀኑ የምፈጽመውን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ሞተር የማስነሣው የእጅ ፍሬን ይዤ፥ ማርሹን ባዶ አድርጌ፥ ግራ እግሬን መሬት ላይ አስቀምጬ ነው። የዘይቱ መብራት ጠፍቶ ሞተሩ ጥቂት እስኪረጋጋም ፍሪሲዮን አልነካም። ሁለተኛ፥ በምቆምበት ጊዜ ማርሹን ባዶ አድርጌ ፍሪሲዮኑን እለቃለሁ። በአዲስ አበባ ቀይ መብራት ፊት ረግጦ የሚጠብቅ ሾፌር ዕረፍት ላይ ያለ ይመስለዋል፤ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ግን ሮንዴላዋ እየታረደች ነው። ሦስተኛ፥ የፍሪሲዮን ፔዳል ከላይ ጥቂት ባዶ ጉዞ እንዲኖረው አስተካክላለሁ፤ ባዶ ጉዞ የሌለው ፔዳል እግር ባይኖርበትም ዘንጉን ሲገፋ ይውላል። ሞላው ከተፈቀደው በላይ የጠነከረ ፍሪሲዮን መግጠምም ሸክሙን ያበዛል።

አራተኛ፥ ዘይትና የዘይት ማጣሪያ በወቅቱ እቀይራለሁ፤ የወረደውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሼ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ እንዳለበት እመረምራለሁ። አምስተኛ፥ አልፎ አልፎ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው ፍሪሲዮን ሲረግጥልኝ ፑሊውን እመለከታለሁ። በዓይን የሚታይ መንቀሳቀስ ካለ መንዳቱን አቁሜ ሰዓት በሚመስለው መለኪያ አስለካለሁ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሞተር ድምፅ መውረድ፥ የፔዳሉ መያዣ ቦታ መለዋወጥ፥ ከሥር የሚሰማ ማንኳኳት ሁሉ የዚሁ ምልክቶች ናቸው። ስድስተኛ፥ አዲስ ሮንዴላ ሲገባ ቦይ ያለበት ለስላሳው ፊት ወደ ዘንጉ ጉንጭ መዞር አለበት። ተገልብጦ የገባ እንደ ሆነ ብረቱ ዘንጉን ይፈጫል። ክፍተቱ በመደበኛው ካልተስተካከለም ወፈር ያሉ ሮንዴላዎች ስላሉ ለክቶ መምረጥ ይገባል።

አንባቢዎቼ ላንድሮቨር የለንም ቢሉ እንኳ ነገሩ ሁሉንም አሮጌ መኪና ይመለከታል። ሕዝባችን የሚወዳት ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ የመጨረሻዋ ተሠርታ ብታበቃም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ገና ትታያለች። በእርስዋ ሞተር ውስጥ ይህንኑ ክፍተት የሚወስኑት በቮላኖው ወገን የሚገቡ ሦስት ስስ ቀለበቶች ሲሆኑ፥ የሚፈቀደው መንቀሳቀሻ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው። ዓይነቱ ይለያያል እንጂ ሕጉ አንድ ነው፤ ዘንግ ይዞራል እንጂ አይሄድም።

በየመሥሪያ ቤቱም ሆነ በየትምህርት ቤቱ ከሮንዴላዋ ጋር የሚመሳሰል ሰውና ነገር አለ። ስሙ አይጠራም፤ የሚደርሰው ትራፊ ነው፤ ሸክሙ ግን የሁሉ ነው። እስኪወድቅ ድረስ ሥራው ስለማይቆም ደኅና ይመስለናል። የእኔ ጥፋት መርገጤ ብቻ አልነበረም፤ ወጣት ሳያውቅ ይረግጣልና ይቅር ሊባል ይችላል። ጥፋቴ አይቼ ዝም ማለቴ ነው።

ዘወትር ቅዳሜ ጧት ወረኢሉ ውርጩ ሳይለቅ ላንድሮቨሯን አስነሣታለሁ። የአጎቴ ልጅ የልጅ ልጇን ይዛ ወደ ገበያ ስትሄድ አደርሳታለሁ። ገብታ እንደ ተቀመጠች ፊቴን ሳይሆን ግራ እግሬን ትመለከታለች። እግሬ መሬት ላይ መሆኑን ካየች በኋላ፥ «በል እንግዲህ አስነሣት» ትለኛለች።